ሰው በደረጃ የሚገነባ ፎቅ አይደለም



በስደት ምድር አጥንት የሚሰብር አንድ አነጋገር አለ፤ «ምግብ አለሽ፣ መኝታ አለሽ፣ ደመወዝሽ ይከፈልሻል፤ ሌላ ምን ጎደለሽ?» የሚል። ይህን የሚናገሩት ሁልጊዜ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በእውነት ይገርማቸዋል። የእሑድ ዕረፍት፣ ቅዳሴ፣ ከአገር ልጅ ጋር ቡና መጠጣት፣ እናት ባወጣችው ስም መጠራት፣ እነዚህ ሁሉ በእነርሱ ዓይን የጠገበ ሰው ቅንጦቶች ናቸው። የባሰው ግን እኛው ራሳችን ይህን አነጋገር መልመዳችን ነው። «መጀመሪያ ዕዳው ይከፈል፣ ወንድሜ ይማር፣ ቤቱ ይሠራ፤ ሰው የምሆነው ከዚያ በኋላ ነው» እንላለን።

ይህ አስተሳሰብ የምሁር ካባም ደርቦአል። ከእናንተ መካከል የሥራ አመራር ወይም የሥነ ልቦና ትምህርት የቀመሳችሁ ያንን ባለ አምስት ደረጃ ፒራሚድ ታውቁታላችሁ። ከታች ምግብ፣ ውኃና እንቅልፍ፤ ከዚያ በላይ ደኅንነት፤ ቀጥሎ ፍቅርና ወገን፤ ከዚያ ክብር፤ በጫፉ ላይ ደግሞ ሰው የተሰጠውን ችሎታ እውን ማድረጉ። የታችኛው ሳይሞላ የላይኛው አይታሰብም ይባላል። የትምህርቱ ባለቤት ተብሎ የሚጠራውም አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎ ነው።

እኔ ግን ይህ ደረጃ በተለምዶ እንደሚነገረው ከተወሰደ ሐሰት ነው እላለሁ፤ ለድኻም ለስደተኛም ጎጂ ነው።

አስቀድመን ማስሎን ራሱን እንጠይቅ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ሥዕል የለም፤ ሥዕሉን ከዓመታት በኋላ ያበጁለት ሌሎች ናቸው። ቅደም ተከተሉ የማይናወጥ አለመሆኑን፣ ለአንድ እውነት ሲሉ ሁሉን የሚተዉ ሰማዕታት መኖራቸውን ማስሎ በዚያው ጽሑፍ አስፍሯል። እንዲያውም አብዛኛው ሰው በሁሉም ፍላጎቱ በከፊል የረካ፣ በከፊልም የተራበ ነው ይላል። ይህን ለማስረዳት፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በሥጋዊ ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ በደኅንነት 70፣ በፍቅር 50፣ በክብር 40፣ በመጨረሻው 10 በመቶ የረካ ሰው እንድናስብ ይጋብዘናል። ይህ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚወጡበት መሰላል አይደለም፤ አምስት እንስራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየመጠናቸው ሞልተውና ጎድለው እንደሚታዩ ያለ ነገር ነው።

«ረሃብ ግን ሁሉን ያስረሳል» የሚል ይሞግተኝ ይሆናል። እውነት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ወጣቶችን ይዞ የረሃብን ጠባይ መርምሯል። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት በጥቂት ምግብ ሲኖሩ ከሰውነታቸው ክብደት ሩቡን ያህል አጡ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ይዘው መዋል ጀመሩ። የደረጃው ተከራካሪዎች ይህን እንደ ማስረጃ ያነሡታል። ነገር ግን እነዚህ ወጣቶች እነማን ነበሩ? ሕሊናቸው ስላልፈቀደ ጦር መሣሪያ አንነሣም ያሉ፣ በጦርነቱ የተራቡ ሕዝቦች ኋላ እንዴት እንደሚያገግሙ ይታወቅ ዘንድ በፈቃዳቸው የተራቡ ነበሩ። ረሃብ ሰውን እንደሚገዛ ያሳየው ምርምር ራሱ የቆመው ከእንጀራ በሚበልጥ ነገር ላይ ነበር!

ሁለተኛው ምስክሬ የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ከቤተሰቡ ጋር በናዚዎች ተግዞ፣ አውሽዊትዝን ጨምሮ በአራት ማጎሪያ ካምፖች አለፈ፤ አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና ሚስቱን አጣ። በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁሉ ነገር በተነጠቀበት በዚያ ስፍራ፣ ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ሌሎችን እያጽናኑ የመጨረሻ ቁራሽ እንጀራቸውን የሚሰጡ ሰዎች እንደነበሩ መስክሯል። ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያንቀሳቅሰው የሕይወቱን ትርጉም መፈለጉ ነው ሲል አስተማረ፤ ማስሎም በ1966 በዚህ ነጥብ ከፍራንክል ጋር መስማማቱን ጽፏል።

እኛ ግን ይህን ለማወቅ ቪየና ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለውናል። የተራበ እንግዳ ማዕድ ቀርቦለት እንኳ መጀመሪያ የሚያየው የአቅራቢውን ፊት ነው፤ በተኮሳተረ ፊት የቀረበ ፍትፍት ከጉሮሮ አይወርድም። በሰው ቤት ኩሽና ለብቻችሁ ቆማችሁ የበላችሁ ሁሉ የዚህ ምስክሮች ናችሁ። ምግቡ ሆድን ሞልቶ ይሆናል፤ የጎደለው ግን ምግብ አልነበረም።

ይህን ስል የሚያደቡ ሌሎችም እንዳሉ አውቃለሁ። «ነፍስ ከሥጋ ትበልጣለች፤ ስለዚህ ስለ ደመወዝ አታጉረምርሙ» የሚሉ አሉ። ይህም ያው ስሕተት ነው፤ ደረጃውን ገልብጦ ያቆመ ብቻ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የሠራተኛን ደመወዝ መቀማት ወደ ሰማይ የሚጮኽ ኃጢአት መሆኑን አስተምረዋል፤ በዚያው መልእክት ሠራተኛው ለእግዚአብሔር የሚሆን የዕረፍት ቀን እንደሚገባው አጽንተዋል። ደመወዙንና እሑዱን አልለያዩም፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መንጠቅ ያው ሰውየውን መንጠቅ ነውና። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ባጸደቀው ስምምነት የሳምንት ዕረፍት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ስምምነት በየአገሩ ሕግ ባይሆንም እንኳ፣ የዕረፍት ቀን ከአሠሪ ቸርነት የሚለመን ምጽዋት አለመሆኑን ዓለም ማመኑን ያሳያል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ለራሳችን የምንናገረውን ውሸት እናቁም። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ የሚገባበት ሰው መቅረት የለበትም። ዛሬ ያልጸለየ፣ ዛሬ ወዳጅ ያላፈራ፣ ዛሬ ያላዘነና ያልሳቀ ሰው፣ ከ10 ዓመት በኋላ ገንዘቡን ይዞ ሲመለስ እነዚህን ከገበያ አይገዛቸውም። ወደ አገር የምትልኩትን ገንዘብ አላንቋሽሽም፤ እርሱ ራሱ ፍቅር ነው። ለቤተሰባችሁ ብላችሁ መራባችሁም የታችኛው ደረጃ ብቻ የሚነዳችሁ ፍጡራን አለመሆናችሁን ይመሰክራል። ስለዚህ ማንም፣ እናንተም ጭምር፣ ራሳችሁን በሆድ አይለካችሁ።

ቀጥሎም፣ የዕረፍት ቀን ያላችሁ ሁሉ በር የተዘጋባትን እህታችሁን አስቡ። እርስዋ ወደ ቅዳሴ መምጣት ካልቻለች የእናንተ ድምፅ ወደ እርስዋ ይሂድ። ስትደውሉላት «ደመወዝ ተከፈለሽ?» ብላችሁ ጠይቁአት፤ መጠየቅም ይገባል። ነገር ግን በዚያ አትቁሙ። በቤቱ ውስጥ ለአጠራር ይመቻል ተብሎ በተሰጣት ስም ሳይሆን፣ በተጠመቀችበት ስም ጥሩአት። እንጀራ እንደሚያስፈልጋት ሁሉ፣ ዛሬውኑ፣ ይህም ያስፈልጋታል።