የሩቅ ጭስ አይደለም

እሳት ተከላካይ ኬሚካሎች የሀብታም አገር ጭንቀት እንጂ የጎንደር ጉዳይ አይደሉም ያሉት ጸሐፊ፣ ዕቃችን ከየት እንደሚመጣ ዘንግተዋል። አሮጌ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ከውጭ ሲገባ በፕላስቲኩ ያለው የብሮሚን ውህድ ጉምሩክ ላይ አይራገፍም። ብዙዎቹ ከፕላስቲኩ ጋር የተደባለቁ እንጂ የተጣበቁ ስላልሆኑ ወደ ቤት አቧራ ይወጣሉ፤ ሲቃጠሉ ደግሞ መርዘኛ ዳዮክሲን ይፈጥራሉ። የክረምት ጎርፍ የከተማዋን ቆሻሻ በአንገረብና በቀሃ ጠርጎ፣ በመገጭ በኩል ወደ ጣና ይወስዳል።

ኬሚካሎቹ ሕይወት ያድናሉ ለሚለውም መልስ አለ፦ ካሊፎርኒያ ራሷ የሶፋ ስፖንጅን በኬሚካል ያስሞላውን የእሳት ፍተሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ለውጣለች። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነትም ዋና ዋናዎቹን እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2017 በእገዳ መዝገቡ አስፍሯል። ጉዳዩ ካልተመለከተን ምን ብለን ፈረምን? የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተለይቶ ይሰብሰብ፤ ሜዳ ላይ ማቃጠልም ይቁም።