ክራክ ሶፍትዌርና መገናኛ ሬዲዮ፦ የደብረ ታቦር ሙግት

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና በሚጋርደው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ መገናኛ ሬዲዮ ቅንጦት አይደለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ በደንብ ታይቷል። በደብረ ታቦሩ ሙግት የሚከራከሩት ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ይስማማሉ፤ የሚለያዩት ሬዲዮውን በክራክ (መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ፈቃድ በተገለበጠ) ሶፍትዌር ፕሮግራም ማድረግ፣ ማለትም ቻናል መሙላት፣ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ነው።

ይገባል

የመጀመሪያውን ጸሐፊ የሚያንገበግበው ደኅና ዕቃ መጣሉ ነው። የሞቶሮላን ጂፒ 300 ያነሣል። የዚህ ሬዲዮ ሶፍትዌር የቀድሞ የኮምፒውተር ሥርዓት በሆነው በዶስ ዘመን የተሠራ በመሆኑ ዛሬ ባሉት ፈጣን ኮምፒውተሮች ላይ አልሠራም ይላል፤ ኩባንያውም ቢሆን ምርቱን ከተወው ቆይቷል። ሬዲዮው ግን ባትሪ ከተቀየረለት ዛሬም ይናገራል። «የማይሸጥ ሶፍትዌር ቢገለበጥ ማን ከሰረ?» ሲል ይሞግታል።

ለሚሸጠው ሶፍትዌር ደግሞ ዋጋው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ፈቃድ ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሚቀመስ አይደለም። ዶላሩ ቢገኝ እንኳ መክፈያ ካርዱ ከየት ይመጣል? ሬዲዮዎቹን ጭኖ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ አበባ ድረስ መሄድም ለዛሬው መንገድ አይመከርም።

አይገባም

ሁለተኛው ጸሐፊ የዋጋውን ነገር አይክድም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ክራኩ የሚጫነው የትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የደመወዝ መዝገብና የታካሚ ካርድ ያለበት ያው የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው። የክራኩ መመሪያ ደግሞ መጀመሪያ «ጸረ ቫይረሱን አጥፉ» ይላል። በሩ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። ስቶፕ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በዋናነት በክራክ በኩል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊንዶውስን ያለ ክፍያ የሚከፍተው ኬኤምኤስፒኮ ሐሰተኛ ቅጂ የይለፍ ቃል ሰራቂ ይዞ ተገኝቷል።

ሬዲዮውም ራሱ ከአደጋ አያመልጥም። ስሪቱ የማይገጥም ሶፍትዌር ሲጽፍበት ወይም መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ደኅናው ሬዲዮ ድምፅ አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከክራኩ ጋር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የቻናል ፋይልም ለሌላ ሰው የተፈቀደ ፍሪኩዌንሲ ሊይዝ ይችላል፤ ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነው። «አይሸጥም» ማለት «ተፈቅዷል» ማለት አይደለም።

መውጫውስ? ባኦፌንግ ዩቪ-5አርን ለመሰሉ ርካሽ ሬዲዮዎች ቸርፕ የተባለ ነፃና ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር አለ። ኬብሉ ተሰክቶ መጀመሪያ የሬዲዮው ይዘት ይነበባል፣ በፋይል ይቀመጣል፤ ከዚያ ነው የተፈቀደው ቻናል የሚጻፈው። ጥቂት ቻናል ብቻ ከሆነ ኮምፒውተርም አያስፈልግም፣ ከሬዲዮው ቁልፎች ይሞላል። ቸርፕ ለማያውቃቸው አሮጌ ሞቶሮላዎች ግን ሁለተኛው ጸሐፊ የሚለው አንድ ነው፦ የወረዳው ተቋማት ሬዲዮዎቻቸውን ሰብስበው ፈቃድ ያለው ሻጭ ዘንድ በአንድ ጉዞ ያሠሩ፣ ወጪውንም ይካፈሉ።