ወተት ጓንት አይሆንም

 

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄጄ ነበር። የልጅ ልጇ ሥራ ስለያዘላት ደስ ብሏት ነው የጠራችን። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበርና ደስታዋ የሁላችንም ደስታ ነው። ቡናው ገና ሳይቀርብ አንድ ኩባያ ወተት አውጥታ ሰጠችውና «በል ጠጣ፣ ያጥበዋል» አለችው።

«ምኑን ነው የሚያጥበው?» ስል ጠየቅኋት።

«ኬሚካሉን ነዋ! መሥሪያ ቤቱም ወተት ይሰጣቸዋል፤ እኔ ደግሞ ማታ እጨምርለታለሁ» አለችኝ በኩራት።

ልጁ የተቀጠረው በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከትልልቅ በርሜል ወደ ትንንሽ ጀሪካን እየገለበጠ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። እጁን አየሁት። የጣቶቹ ጫፍ ነጥቶ ተልጧል። እያወራን ሳለም ደጋግሞ ያስል ነበር። ጓንት የላችሁም ወይ አልኩት። «መጀመሪያ ቀን ሰጥተውኝ ነበር፣ ተቀደደ» አለኝ። ሁለቱን የምትገለብጡት በአንድ ክፍል ነው ወይ አልኩት። «አዎ፣ በአንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ስለሚሸት ይዘጋል» አለኝ። ከዚያ እኔን ለማረጋጋት ብሎ «ችግር የለውም ሲስተር፣ ወተት ይሰጡናል» አለ።

እኔን ያስደነገጠኝ ሳሉ ሳይሆን ይኼ የመጨረሻው ቃል ነው። ልጁ ወተት ስለጠጣ የተጠበቀ መስሎታል። አያቱም መስሏታል። ምናልባት አሠሪውም ከልቡ መስሎት ይሆናል።

ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ የሚሰጥ ካለ ይስጥ፣ የሚጠጣም ይጠጣ። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። የኬሚካሉ ትነት የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። የሚረጨው ፈሳሽ የሚበላው ቆዳንና ዓይንን ነው። ጨጓራ ውስጥ ያለ ወተት ሳንባ ውስጥ የገባ ጋዝ ጋር ሄዶ አይደርስም፤ የተላጠ ጣትንም አያድንም። ወተት ጓንት አይሆንም፣ መስኮትም አይሆንም።

ይህን የምላችሁ ተምሬው ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አውጥቼ ያላወራሁት ነገር ስላለኝ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ከዞን ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለና ግቢው በሙሉ ተራወጠ። የጽዳት ሠራተኛችን በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ «እትዬ» የምላቸው ሴት ነበሩ። «እትዬ፣ ሽንት ቤቱ እንደምንም ብሎ ነጭ ይሁንልኝ» አልኳቸው። በረኪናውንም አሲዱንም ከመጋዘን አውጥቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ እንደማይቀላቀሉ ግን አልነገርኳቸውም። ማስጠንቀቂያው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው ደግሞ አማርኛም ማንበብ አይችሉም ነበር።

በረኪናው ብቻውን እድፉን አልለቅ ሲላቸው አሲዱን ጨመሩበት። በሩ ዝግ ነበር። ስንደርስ ደጃፉ ላይ ተንበርክከው፣ ዓይናቸው እያነባ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኘናቸው። ኦክስጅን ሰጥተን ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ግን ዳገት ሲወጡ የሚያፍናቸው፣ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስላቸው ሰው ሆኑ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብሄድ «ምን አጠፋሽ ሲስተር፣ የእኔ አለማወቅ ነው እንጂ» አሉኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያሳርረኛል። ማሳወቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ዲፕሎማው ያለው በእኔ እጅ ነበር።

በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለ ከተማ አካባቢ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያጸዳ ሰው ቀድሞ ይስበዋል። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። ሌላም ተንኮል አለው፦ ብዙ ጋዝ የሳበ ሰው «አሁን ለቀቀኝ» ብሎ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ከሰዓታት ቆይቶ ሳንባው ውሃ ሊቋጥርና ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ለጊዜው ተሻለው ተብሎ ዝም አይባልም።

እንግዲህ ልጆቻችን ሥራ ሲይዙ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ደግ ነው። እኔ ደግሞ ሌሎች አራት ጥያቄዎች ልጨምርላችሁ።

አንደኛ፣ «የምትነካው ነገር ስሙ ምንድን ነው?» በሉት። ስሙ ያልታወቀ ነገር ሲመርዝ ሐኪምም ይቸገራል። ዕቃው ላይ ጽሑፍ መኖር አለበት። ጽሑፉን ማንበብ ባይቻል እንኳ ሥዕሉ ይናገራል፦ በቀይ ባለአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ የራስ ቅል ካለ መርዝ ነው፤ ፈሳሽ በእጅ ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሳየው የሚበላና የሚያቃጥል ነው፤ ነበልባሉ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «ከምን ጋር እንዳይቀላቀል ተነገረህ?» በሉት። በጋራዥ የባትሪ አሲድ የሚያቀጥን ልጅ ካላችሁ አንድ ነገር ይያዝ፦ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ከተገለበጠ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ሦስተኛ፣ «ምን ትለብሳለህ? አየርስ በየት ይገባል?» በሉት። ለአሲድና ለበረኪና የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሽርጥና ቦት ጫማ ያስፈልጋል። የጨርቅ ማስክ አቧራ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጋዝ አያስቀርም። ከሁሉ በፊት ግን የተከፈተ መስኮትና በር ነው።

አራተኛ፣ «የሥራ ልብስህን የት ታወልቃለህ?» በሉት። በተለይ በአበባ እርሻና በግብርና ፀረ ተባይ የሚረጩ ወይም የተረጨበት ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ያላችሁ ይህን አትርሱ። መርዙ በልብስ ላይ ሆኖ ቤት ይመጣል። እናት ከሥራ እንደገባች ሕፃኗን ስታቅፍ ያልቀጠረው ሰው ሕፃኑን አገኘው ማለት ነው። መጀመሪያ መታጠብና ልብስ መቀየር፣ ከዚያ ልጅ ማቀፍ። የሥራ ልብስም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ።

«ይህን ብጠይቅ ያባርሩኛል» ይሉ ይሆናል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ሥራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ነገር ግን ልመና አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው ማስረዳትና የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መጠቀም ግዴታው ነው። ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ልጆችንም ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት ክልክል ነው። ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ከሚጠይቅ ሦስትና አራት ሆነው፣ በትህትና ቢጠይቁ ይሻላል።

አደጋ ቢደርስስ? ጋዝ የሳበውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከአቅማችሁ በላይ የሚሸት ክፍል ውስጥ ግን ዘላችሁ አትግቡ፣ ሁለተኛ በሽተኛ ትሆናላችሁ። ትንፋሽ ካጠረው አታስተኙት፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ ልብሱን አውልቃችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ከጠጣ አታስታውኩት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላል። ወተት ግቱት የሚለውንም ተዉት። ዕቃውን ወይም ስሙን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከመጨረሴ በፊት ወደራሳችን ቤት ልመለስ። የእኛ ቤት ለቤት ሠራተኛችን የሥራ ቦታዋ ነው። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የግል አገልግሎት ቅጥርን አላካተተም፤ ስለዚህ ለእሷ ያለነው እኛ ነን። ስንቶቻችን ነን ጓንት ገዝተን የሰጠናት? በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ እንዳትቀላቅል ማን ነገራት? ከገጠር ለመጣች ልጅ ሁለቱም «ማጽጃ» ናቸው። በረኪናውንስ በሀይላንድ ጠርሙስ አስቀምጠን፣ ውሃ የመሰለው ሕፃን አፉ ላይ ቢደፋው ማንን እንወቅሳለን? በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

የጎረቤቴ ልጅ እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሰኞ ዕለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ኃላፊያቸውን አነጋገሩት። በመጀመሪያ «ሥራ ፈላጊ ሞልቷል» አላቸው። ረቡዕ ግን ጓንትና ቦት ጫማ መጣላቸው፤ መስኮቱም ተከፈተ። አሲዱ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል ተብሏል፤ እስካሁን ግን አልተዛወረም። ሳሉን እንዲታይም ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። አያቱ አሁንም ማታ ማታ ወተቱን ትሰጠዋለች፤ እኔም አልከለከልኳትም። ብቻ ኩባያውን ከማቀበሏ በፊት «ጓንትህን አድርገህ ዋልክ?» ብላ ትጠይቀዋለች።

እትዬን በአካል አግኝቼ ይህን ባሳያቸው ደስ ባለኝ። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከሥራ ሲገቡ እጃቸውን አገላብጣችሁ እዩልኝ።

የሳምንት ሰው ይበለን።