«ሠዓሊው ያልታወቀ» ብሎ ነገር

ዜና ስንጽፍ «ማን? መቼ? የት?» ሳንል አናልፍም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ዳታቤዝ ላይ ግን «ሠዓሊው ያልታወቀ» ብሎ መዝጋት ለምን ይቀላል?

እስቲ ፍሬ ጽዮንን እናስብ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ሠዓሊ ነው። ጣና ሐይቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ባይጻፍ ኖሮ፣ ዛሬ እሱም «ያልታወቀ» ይባል ነበር።

ዓመቱም ጣጣ አለው። «1950» ተብሎ የተመዘገበ ሥዕል በእኛ አቆጣጠር ከሆነ፣ በፈረንጆቹ 1957 ወይም 1958 ነው። አቆጣጠሩ ካልተጻፈ ሥዕሉ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ከዚያ የሚቀዳው ተማሪም ስህተቱን አብሮ ይቀዳል።

ስለዚህ መዝጋቢዎች ሆይ፣ ማን፣ መቼ (በየትኛው አቆጣጠር)፣ የት፣ በምን እንደተሠራ ጻፉልን። ግምት ከሆነም «ግምት ነው» በሉና መነሻውን ንገሩን። ቢያንስ ቀጣዩ ሰው ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።