ፔሮል መሥራት ሙያ ነው ወይ?

ሐይቅ ከተማ ያሉ ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት፣ «ሲስተር፣ የልጅ ልጄ አካውንቲንግ ተምሬ ፔሮል እሠራለሁ ትላለች። የሰው ደመወዝ መቁጠር ምን ሙያ ነው?» አሉኝ። ውጫሌም ብትሄዱ እንዲህ የሚሉ ወላጆች አይጠፉም። ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆነ የወደቀ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ትማር ባይ ነኝ።

ድሮ ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ፣ አስፈርሞ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ደመወዝ በባንክ ስለሚገባ ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማን ተቀጠረ፣ ማን ተዛወረ፣ የማን ደረጃ አደገ የሚለው በየወሩ ከደብዳቤው ጋር ይመሳከራል። ለእኛ ለጤና ሠራተኞች ደግሞ የዱቲ ሰዓት አለ።

ሕጉም ይለወጣል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ እርከኖቹም ተቀይረዋል። 9,000 ብር ደመወዝተኛ በፊት 1,745 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 1,400 ብር ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 630 ብር፣ ሲነሳ እጁ የሚገባው 6,970 ብር ይሆናል። በአሮጌው ስሌት የቀጠለ ሠራተኛ ከዚያ ቤት በየወሩ 345 ብር አጎደለ ማለት ነው።

ይህስ ቶሎ ይታያል። የጡረታው ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚወጣው። 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ጡረታ ስትወጣ የአባቷ ስም በአንዱ ሰነድ «መሐመድ»፣ በሌላው «ሙሐመድ» ተብሎ ስለተገኘ የሁለት ዓመት አገልግሎቷ አልያዝ አለ። አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ማለት በወር 250 ብር ነው፤ ያውም ዕድሜ ልክ። በስንት ምልልስ ተስተካከለላት። አንድ ፊደል ነው እንግዲህ!

ታዲያ ልጃችሁ ለዚህ ሥራ ትሆን እንደሆነ ለማወቅ የሒሳብ ውጤቷን ብቻ አትዩ። ምስጢር ትይዛለች? ፔሮል የሚሠራ ሰው የማን ደመወዝ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለልጅ ቀለብ እንደሚቆረጥ፣ ማን በብድር እንደተያዘ ያውቃል። እኛ የበሽተኛ ካርድ ላይ ያየነውን ቡና ላይ እንደማናወራው ነው። እምቢ ማለትስ ትችላለች? ሥራ የለቀቀ ሰው ስም ሳይወጣ እንዲቆይ የሚለምን ዘመድ አይጠፋም፤ ተጠያቂዋ ግን እሷ ናት።

ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ብዙ አይደለም፤ የወር መጨረሻም ዕረፍት የለውም። ግን ሆስፒታሉም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም ያለዚህ ሰው አይውልም። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ አለ። በቴክኒክና ሙያ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ የሲኦሲ ፈተናው ይጠብቃታል። ኤክሴልና ፒችትሪን ግን ከወዲሁ ትልመድ፤ ግሉ ዘርፍ መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው።