ለቃሊቲ ስንቅ የተገዛው ሙዝ

አንዲት አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦ «ወንድሜ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሳሉ ቀንሶለታል። ግን የማመጣለትን ስንቅ አይነካም፣ ስናወራውም በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ይሄዳል። ጎረቤቴ ‹ሙዝ የደስታ ሆርሞን አለው› ስላለችኝ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ እየጨመርኩለት ነው። ይጠቅመው ይሆን?»

እህታችን፣ ሙዙ አይጎዳውም። ሴሮቶኒን የሚባለው ሆርሞን ሙዝ ውስጥ መኖሩም እውነት ነው። ግን ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከሚባል የፕሮቲን ክፍል ነው። ይህን ሰውነታችን አያመርተውም፤ ከእንቁላል፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከጥራጥሬ እናገኘዋለን።

ሰውነት ከሚያፈርሰው ትሪፕቶፋን ግን ሴሮቶኒን የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ከመቶ ዘጠና እጅ የሚበልጠው ካይኑሬኒን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጀርም ሲገባ ደግሞ ሰውነት ይህን ሥራ ሆን ብሎ ያፋጥነዋል፤ ትሪፕቶፋኑን ጠራርጎ ጀርሙን በረሃብ ለመግደል። በብዙ ጀርሞች ላይ ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ትሪፕቶፋን ለራሱ ማምረት ይችላል! የሚጎድልበት ታማሚው ብቻ ይሆናል።

የተጠራቀመው ካይኑሬኒን ወደ አንጎል ይገባል፤ ከእሱ ከሚገኙት ውጤቶች አንዳንዶቹ የነርቭ ሴሎችን ከመጠን በላይ ይቀሰቅሳሉ። ተመራማሪዎች ከድባቴ ጋር ያያይዙታል። ጥርጣሬውን ያጠናከረው ለጉበት በሽታ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ይወስዱ የነበሩ ሰዎች ሁኔታ ነው፤ ትሪፕቶፋናቸው ሲቀንስ ብዙዎቹ ድባቴ ውስጥ ገብተዋል። እርግጥ እስር ራሱ ያስከፋል፤ ሁሉን በኬሚካል ማሳበብ አይቻልም። ቢሆንም «ተስፋ ቆርጧል፣ ጠባዩ ተለውጧል» ብሎ ከመቆጣት በፊት በሽታውም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ደግ ነው። ያዘነ ሰው መድኃኒቱን ለማቋረጥ ቅርብ ነው፤ ሕክምናው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈልጋል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ሰውነት ከትሪፕቶፋን ናያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ይሠራል፤ ለዚህም ቫይታሚን ቢ6 ያስፈልገዋል። ከነቀርሳ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ ቢ6ን ያሟጥጣል። ሲጎድል እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል። ናያሲን በጣም ካነሰ ደግሞ ፔላግራ ይመጣል፦ ፀሐይ የሚነካው ቆዳ ይጠቁራል፣ ተቅማጥ ይይዛል፣ አእምሮ ይታወካል። ፔላግራ ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣ የታየውም በእስረኞች ላይ ነው። ጆሴፍ ጎልድበርገር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 በሚሲሲፒ የእስረኞች እርሻ፣ ምሕረት ቃል ለተገባላቸው ፈቃደኛ እስረኞች በቆሎ የበዛበት ምግብ ብቻ አስቀረበላቸው። እስከ መጨረሻው ከቆዩት 11 ሰዎች ስድስቱ ታመሙ። በዛሬ ዓይን የሚያሳፍር ሙከራ ነው። በቆሎ ትሪፕቶፋን ያንሰዋል፤ ያለውም ናያሲን በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ ከሙዙ ጎን የተቀቀለ እንቁላል፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስር ወጥ ያክሉ። ብዙ መብላት ካቃተው ትንሽ ትንሽ ይሞክር። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከውን የትሪፕቶፋን እንክብል ግን ሐኪም ሳያውቅ አያስገቡለት፤ ከአንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር አደገኛ ነው። በግቢው ውስጥ መራመድም ይበጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የስዊድን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳዩት፣ የሚሠራ ጡንቻ ካይኑሬኒንን ወደ አንጎል ወደማይገባ ዓይነት ይለውጠዋል።

በሚቀጥለው ጥየቃ ወንድምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ከመድኃኒቱ ጋር ቢ6 ይሰጥሃል ወይ? እግርህንስ ያቃጥልሃል? ስለ መብላቱና ስለ ዝምታው ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ባለሙያ እንዲነግር ያበረታቱት፤ ሞት ከተመኘ ደግሞ በዚያው ቀን ራስዎ ያሳውቁ። ከመታሰሩ በፊት አብረውት የኖሩ ወይም አዘውትረው የሚጠይቁት ልጆች ካሉ፣ እነሱንም ወስደው ያስመርምሩ።