ድንኳኑ ቁልቢ፣ መንገዱ ጭሮ

«እኛ አገር እኮ የካምፒንግ ባህል የለም» የሚል ነገር በዚህ ሳምንት ሰምቼ እስካሁን አልበረደልኝም። ያለው የአዲስ አበባ ወዳጄ ነው፤ ላንድክሩዘሩ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ገዝቶ እያሳየኝ። ስልኩን አውጥቶ የፈረንጆቹን ዓመታዊ ስብሰባም አሳየኝ። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. እስከ 1992 ድረስ ኦስትሪያ፣ ግራዝ ውስጥ ያስገጣጥመው የነበረ ሲንክሮ የሚባል ባለ ፎር ዊል ቫን አለ። የዚህ መኪና ወዳጆች በየዓመቱ ጫካ ውስጥ ተሰባስበው መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ፣ ጭቃና ዳገት ይፈትናሉ፣ ያንዱን ብልሽት ሌላው ይጠግናል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ በእነሱ ቅር አልተሰኘሁም።

ቅር ያሰኘኝ የኛ ሰው ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ በገብርኤል በዓል፣ ቁልቢ ደብር ላይ የሚሆነው ምንድን ነው ታዲያ? ሕዝቡ ሸራና ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ድስት ጭኖ፣ ሕፃን ታቅፎ፣ ከየአቅጣጫው ይተማል። ኮረብታው ዙሪያ ድንኳን ከድንኳን ተጠጋግቶ፣ ያልያዘ መኪናው ውስጥ፣ ያም ያጣ ሜዳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያድራል። የታኅሣሥ ብርድ ያንዘፈዘፈውን የማያውቀው ጎረቤት ድንኳን ሻይ ያጠጣዋል። እንደሚነገረው ራስ መኮንን ደብሩን ያሠሩት ከአድዋ ድል በኋላ በስለት ነው፤ እሳቸውም መጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ በእግሩ፣ በበቅሎ፣ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ በኤንትሬ ጭነት ላይ ተሳፍሮ ሄዷል! ዛሬም ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ ስለተኛ አለ። ከሙስሊሙም ስለቱን ይዞ የሚሄድ አለ። ይህን ሁሉ የማያይ ሰው ስለ ባህል ባያወራ ይሻለዋል።

ፎር ዊል ያስፈልጋል ለሚሉትም መልሴ አጭር ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው የኋላ ጎማ ብቻ በሚያሽከረክረው ዶልፊን ነው፤ ይደርሳልም።

የሚያስፈልገው ማስተዋል ነው። ይህን ሳልል ዓምዴን እንደማልዘጋ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ የሚወጣው ዳገት፣ ከጭሮ በሂርና አድርጎ እስከ ጨለንቆ ያለው የጨርጨር ጠመዝማዛ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ለነዳ ሰው አይሆንም። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ጭሮ ይገባል፤ ምሳ ቢጤ ቀማምሶ «ዛሬውኑ እንግባ» ይላል። ቁልቢ ግን ገና ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው ፍሬን ላይ ተኝቶ ይወርዳል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አልይዝ ይላል። የጭሮ ጎሚስታዎችና መካኒኮች የበዓል ሰሞን እንቅልፍ የላቸውም፤ የሚያነሡትን መኪና ያየ ሰው በዚያ ገደል በጨለማ አይነዳም።

እኔ የጭሮ ሰው የምለው፣ ጭሮ እደሩ። ከተማዋ ለመንገደኛ አዲስ አይደለችም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ የአውራጃ መቀመጫ አድርገው የቆረቆሯት፣ አሰበ ተፈሪ ያሏት ከተማ ናት። የቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ሆጃችን ከብርድ ያድናል። ድንኳን የያዘ ሰው አንድ ቀን ከጨመረ ደግሞ ለደጋ አጋዘን የተከለለው የቁኒ ሙክታር ተራራ ሩቅ አይደለም። ከቁልቢ ሲመለስ፣ ጉልበት ያለው፣ የአሰቦትን ገዳም ይሳለማል። እነዚህን ቦታዎች የማውቅ ሰው ስሆን፣ መኪናው ሁሉ አቧራውን አልብሶን ሲያልፍ ያመኛል።

ደግሞ እንዲያው እደሩ ብቻ ብል ዋጋ የለውም፤ የት? አልጋ በበዓል ሰሞን አይገኝም፤ የተገኘውም ዋጋው ይሰቀላል። ልጆች የያዘች እናት አስፋልት ዳር መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስታነጋ አይቻለሁ። መጸዳጃ ፍለጋ በየሰው በር ስታንኳኳም። በር የከፈተችላት የኛ ሰፈር ሙስሊም እናት ውኃ አሙቃ ሕፃኑን አጥባላታለች፤ «የገብርኤል እንግዳ» ነው የምትላቸው። እሷ በአንድ ክፍል ቤቷ የምታደርገውን ከተማ እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። ድንኳን የሚተከልበት አንድ ሜዳ ይለይ። የውኃ ሮቶ ይቁም፣ ለሴትና ለወንድ የተለየ መጸዳጃ ይቆፈር፣ መብራት ይዘርጋ፣ ጥበቃ ይመደብ፤ የመኪና ማቆሚያው ክፍያ ወጪውን ይሸፍናል። ሻይና እንጀራውን የሰፈሩ ሴቶች ይሽጡ። ከታኅሣሥ 16 እስከ 21 ቢከፈት ይበቃል። ለሐምሌው ግን ጭቃ ስላለ ሜዳው ከአሁኑ ጠጠር ይልበስ።